ሦስተኛው አንቀጽ

«መግለጫ» የሚሏት ልጅ ፊቷን ታጥባ ፎጣውን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ሳሎን ስትገባ፣ ወንድሟ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ጋዜጣ በምላጭ ሲቆርጥ አገኘችው። ይህ ሰው ጋዜጣ ገዝቶ ማንበቡ ቀርቶ፣ ዕቃ የተጠቀለለበትን እንኳ ገልጦ ሲያይ ታይቶ አይታወቅም። ብየዳ ቤት ነው የሚሠራው፤ የጣቶቹ ጫፎች በእሳት ፍንጣሪ ጠቋቁረዋል። ዛሬ ግን ምላጩን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ፣ አንዲት ፊደል እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ በጽሑፉ ዳርና ዳር ቀስ ብሎ ይነዳዋል። እናታቸው ሻይ እየቀዳች ነበር። ከሻዩ መንቆርቆርና ከምላጩ ድምፅ በስተቀር በቤቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ቆርጦ ሲጨርስ ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈው፣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ቁልፉንም ቆለፈ።

«ለካስ ጥሩ ትጽፊያለሽ» አላት ቀና ሳይል። «ሥራሽ ምን እንደሆነ ገና አሁን ገባኝ።»

ኮቱን ከወንበሩ መደገፊያ አንስቶ ወጣ። በሩን ሲዘጋ አላጋጨውም፤ እሱ በር ቀስ ብሎ መዝጋቱ ያልተለመደ ነገር ስለሆነ ሁለቱም ሴቶች ወደ በሩ ዞረው አዩ። እናቲቱ የቀዳችውን ሻይ ወደ ልጇ ገፋ አደረገችና ፈገግ አለች። ትናንት ማታ ጽሑፉን ያስነበበችው እሷ ናት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የልጇን ጽሑፎች በካርቶን ሰብስባ ከማስቀመጥ በስተቀር ማንበብ አልቻለችም፤ ልጅቱም አምሽታ ስለምትገባ አታነብላትም። «አንተ አለህ አይደል፣ አንብብልኝ አልኩት» አለች። «ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። መሐሉ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝግት አለ። ሆዱ ባባ ብዬ ደስ አለኝ። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ሰው ሰው የሸተተኝ ትናንት ነው።»

መግለጫ የያዘችውን ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠችው። ጋዜጣውን ሳበችና መሐሉ ላይ በተቆረጠው ቀዳዳ በኩል የጠረጴዛውን ልብስ አየች።

ስሙን ያወጣላት ከቢሮዋ ሥር ያለው ጫማ ጠጋኝ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ደረጃውን የሚጠይቀው ሰው ሁሉ «መግለጫ የምትጽፈው ልጅ የት ናት?» ስለሚለው፣ እያጠረ እያጠረ ሄዶ መግለጫ ብቻ ቀረ፤ አሁን ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራት በዚሁ ነው። ሥራዋ ማስታወቂያ ለማስነገር አቅም የሌላቸው ሰዎች በጋዜጣና በሬዲዮ እንዲወራላቸው ማድረግ ነው። ልብስ አጣቢ፣ መንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር፣ መነጽር ሠሪ፤ ይመጣሉ፣ ያወራሉ፣ እሷ በአንድ ገጽ ጋዜጣዊ መግለጫ ጽፋ ለአዘጋጆች ትልካለች። ከአሥሩ ስምንቱ ቅርጫት ውስጥ እንደሚገባ ታውቃለች። ቅርጫት የማይገባበትን መንገድም ታውቃለች። የመጀመሪያው አንቀጽ ምን እንደተከፈተ ይናገራል፣ ሁለተኛው ለምን እንደሚጠቅም፤ ሦስተኛው ላይ ግን ሰው መግባት አለበት፣ እጅ እግር ያለው፣ ሲያዩት የሚታይ ሰው። የጋዜጣ አዘጋጅ ሦስተኛው ላይ ሰው ካገኘ ወረቀቱን አይጥልም። ለደንበኞቿ ይህን ስትነግራቸው ድምጿ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት።

ባለፈው ሳምንት የጻፈችው ከባሎቻቸው ዱላ ሸሽተው የመጡ ሴቶችን ለሚያስጠጋ አንድ ትንሽ ድርጅት ነው። ድርጅቱን የምትመራው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ሴቶቹ ዳቦ ቤት ከፍተው ገዢ አጥተው ነበር። ሲስተር አድራሻው እንዳይጻፍ አጥብቃ ለመነች፤ መግለጫም አልጻፈችውም። የማንንም ስም አልጠቀሰችም። ሦስተኛው አንቀጽ ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሊጥ ከሚያቦኩት ሴቶች የአንዷ ቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ከአራት ወር በፊት በር ተዘግቶባቸው ነው። ዛሬ በግራ እጇ ዳቦውን እንደ ሹሩባ ትጎነጉነዋለች፤ በሆስፒታሉ በር ላይ ባለችው ትንሽ ሱቅም በየማለዳው ቀድሞ የሚያልቀው የእሷ ነው።» አዘጋጁ አንዲት ቃል ሳይነካ አወጣው። ዳቦው በሁለተኛው ቀን ተሻምቶ አለቀ። ሲስተር ደውላ መረቀቻት።

እነዚያን ጣቶች መግለጫ ጽፋ አልፈጠረቻቸውም። የወንድሟ ሚስት የዋርሳዋ ጣቶች ናቸው። በዚህችው ቤት፣ በጓዳው በር ላይ፣ ወንድሟ እጇን ይዞ መቃኑ ላይ አስደግፎ በሩን ሲዘጋ መግለጫ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጣ ለአንድ የዓይን ክሊኒክ ትጽፍ ነበር። ድምፁን ሰምታለች። እናቷም ሰምታለች። ማንም አልተነሣም። በማግስቱ እሱ ሥራ ሲሄድ ዋርሳዋን ታክሲ ውስጥ አስገብታ ለሲስተር ያስረከበቻት እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሙሉ «የት ገባች ይህች ልጅ?» በተባለ ቁጥር ሻይዋን ስትጠጣ ኖረች። ወንድሟ ጋዜጣ አያነብም ብላ ነው ጣቶቹን የጻፈቻቸው። እውነት ለመናገር ደግሞ ጥሩ አንቀጽ ስለወጣት ነው።

«እማዬ» አለች። «ምራትሽ እዚያ ናት። ዳቦ ቤቱ።»

እናቲቱ ስኳር መጨመሪያውን ማንኪያ እንደያዘች ቀረች። «ታውቂ ነበር?»

«እኔ ነኝ የወሰድኳት።»

ውጭ መንገዱ ላይ አንድ መኪና አልነሣ ብሎ ደጋግሞ ሲያጓራ ይሰማል። በመጨረሻ እናቲቱ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የወንድ ልጇን ብርጭቆ አየችና «ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ» አለች።

መግለጫ ደረጃውን እየወረደች ለሲስተር ደወለች። ስልኩ ጠራ እንጂ የሚያነሣው አልተገኘም። መጋገሪያ ሰዓት ላይ የሁሉም ስልክ ሣጥን ውስጥ እንደሚቀመጥ ታውቃለች፤ ደንቡን ስታደንቅ የጻፈችው እሷ ራሷ ናት፣ በሁለተኛው አንቀጽ። ፖሊስ ጣቢያ ደወለች። ያነሣው ሰው እያኘከ ነበር፤ በትዕግሥት አዳመጣትና «እስካሁን ምን አደረገ?» አላት። ገና ምንም አላደረገም። «እንግዲያው ባል ሚስቱን ፍለጋ መሄዱ ምን ወንጀል አለው፣ እህቴ? አንድ ነገር ሲፈጠር ደውይልን።» አድራሻውን ልንገርዎት ስትለው መስመሩ ተቋርጦ ነበር።

ወንድሟ ከጽሑፉ ያገኘው ሱቋን ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ሆስፒታሉ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አጠገቧ ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ፣ አንደኛዋ ግማሽ ኪሎ መግዛት መጀመሯን እንደ ቀልድ ታወራለች። ስልኩ ጮኸ፤ ሲስተር መስላት ፈጥና ስታነሣው ልብስ አጣቢው ሰውዬ ነው። «የዳቦውን አነበብኩት» አላት። «ሚስቴን አስለቀስሻት። ለእኔም እንደሱ አድርገሽ ጻፊልኝ፣ ሰው ሆዱን የሚነካ። እኔ ዘንድ አንዲት አንካሳ ሠራተኛ አለች፣ እሷን ማስገባት ይቻላል።» ስልኩን ዘጋችበት። መንገዱ ተቆልፏል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ይጠብቃል። ወርዳ ሮጠች።

የሆስፒታሉ በር ላይ ያለችው ሱቅ ከቆርቆሮ የተሠራች፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ናት። ባለሱቋ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ መግለጫን ስታያት እጆቿን ዘረጋች። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ጋዜጣው ከወጣ ወዲህ ዳቦው ሁለት ሰዓት እንኳ እንደማይደርስ፣ ነገ እጥፍ እንደምታዝ፣ ከሩቅ ሰፈር ሁሉ እንደሚመጡ አወራች። «ዛሬ ደግሞ አንዱ ጨዋ ሰው መጣ፣ ጋዜጣውን ቆርጦ በኪሱ ይዞ። ዳቦውን ከምንጩ በብዛት ልግዛ አለኝ። ለሠርግ መሰለኝ። እኔ የማውቀው ባጃጁ ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ካለው አረንጓዴ በር እንደሚያመጣው ነው፣ ነገርኩት።»

«መቼ ነው የነገርሽው?»

ሴትየዋ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ምነው? ክፉ ነገር አለ?»

ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ያለው መንገድ ያልተነጠፈ ነው፤ የቆዳው ማለስለሻ ውኃ በቦዩ ሲወርድ ጉሮሮ ይከረክራል። ከዚያ ሽታ ውስጥ የዳቦው ሽታ ብቅ ይላል። መግለጫ ከሩቅ አረንጓዴውን በር አየችው፤ ትልቁ ተዘግቷል፣ በውስጡ ያለችው ትንሿ በር ግን ገርበብ ብላለች። ይህች በር ገርበብ ብላ አታውቅም። ጎንበስ ብላ ስትገባ አባባን አየቻቸው። ሽማግሌው ዘበኛ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው አንድ ክንድ ርቆ ወድቋል፣ ፊሽካቸው ካፋቸው ጥግ ሳይወጣ ቀርቷል። በጆሯቸው ደም ይወርዳል፤ በትንፋሻቸው ቁጥር ፊሽካው ቀጭን ድምፅ ያሰማል። የአንገት ልብሷን አውልቃ ራሳቸው ሥር አደረገች፣ ፊሽካውንም ካፋቸው አወጣችላቸው። «አባባ፣ ይሰሙኛል?» አለቻቸው። ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት፣ ግን ያወቋት አልመሰላትም። «አልፈቀድኩለትም» አሉ። «ተመዝገብ ብዬዋለሁ።»

ከመጋገሪያው ክፍል የሚሰማ ጩኸት አልነበረም። ያስፈራት ይሄ ነው። ከጀርባ ባለው መኝታ ክፍል ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ከውስጥ ተቆልፎባቸዋል። መጋገሪያው ግን ጭጭ ብሏል፤ ከምድጃው የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ነው።

ሴቶቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቆመዋል። ሲስተር የዱቄት ጆንያዎቹን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ግራ እጇን በቀኝ እጇ ደግፋ ይዛዋለች፣ የእጅ አንጓዋ በማይሆን በኩል ታጥፏል፣ መነጽሯ የለም። ወንድሟ መሐል ላይ ቆሟል። በቀኝ እጁ አንድ ክንድ የሚሆን የቤት መሥሪያ ብረት ይዟል፤ በግራው የሚስቱን ጸጉር ጨብጧል። ጋዜጣውን ሊጥ መዳመጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ፊቷን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ ያስነብባታል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ልጅ እንደሚያስጠና ሰው።

«ድገሚው። ‹ከአራት ወር በፊት›፣ ቀጥይ።»

«በር ተዘግቶባቸው ነው» አለች ዋርሳዋ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ቃሉ በደም ተለውሶ ነው የወጣው።

«ማን ዘጋው? እዚህ ላይ አልተጻፈም። በሩ ራሱን በራሱ ዘጋ?» ይህን ሲል ቀና ብሎ እህቱን አየ። የገረመው አይመስልም። «ይኸው መጣች። እሷን እንጠይቃት። ለምን አልጻፍሽኝም? ፈርተሽ ነው አዝነሽልኝ?»

«ጋሼ፣ ልቀቃት» አለች መግለጫ። «ውጭ ያሉት ሽማግሌ እየሞቱ ነው። ልቀቃትና እኔን አናግረኝ።»

«አንቺን ነው የማናግረው። አራት ወር አብረን ምሳ በላን። ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ‹አልሰማህም ወይ ወሬዋን› እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር። እኔ አብጄ በየሬሳ ቤቱ ስፈልጋት።» ድምፁ እዚህ ላይ ተሰበረ፤ ለአፍታ ያለቅሳል ብላ አሰበች። ያን ያህል ጊዜ ነው ያሰበችው። የሚስቱን ጸጉር ለቀቀና በሁለት እርምጃ ደረሰባት፤ የመጀመሪያው ምት ትከሻዋ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማችው እንጂ አልተሰማትም። ሁለተኛው ጉልበቷን አገኘው። ወለሉ ላይ በፈሰሰው ዱቄት ላይ በግንባሯ ተደፋች፤ አፏም ዓይኗም ዱቄት ሞላ፤ መተንፈስ አቃታት። ከላይዋ ሆኖ «ጻፊው እንግዲህ» ይላል። «ስሜን ጻፊው። አሁን ጻፊው።» በጫማው ጎኗን መታት፣ ደግሞ መታት። ጆሮዋ ጭው አለ። በዱቄቱ መሐል የሚታያት የቦት ጫማው ጫፍ ብቻ ነበር፣ በብየዳ ፍንጣሪ የተበሳሳው፤ ባለፈው ክረምት እናቷ «ለወንድምሽ ግዢለት» ብላት የገዛችለት ጫማ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየችው በአንድ ዓይኗ ነው። ዋርሳዋ ወደ በሩ አልሸሸችም። ወደ ምድጃው ዞረች፣ ሁለት ጨርቅ በእጆቿ ላይ ጠቀለለች፣ የማይታጠፉትን ሁለት ጣቶች ከላይ ትታ ባሉት ጣቶች ከእሳቱ መሐል ትልቁን የብረት ትሪ ከነዳቦው ሳበች። ዳቦዎቹ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ብረቱን ከፍ አድርጎ ሦስተኛውን ሊያሳርፍ ሲል ትሪውን በጎን በኩል ፊቱና አንገቱ ላይ ለጠፈችው፤ ለጥፋም ገፋችው። ሥጋ ሲጠበስ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። እሱ የጮኸው ጩኸት ከሰው የሚወጣ አይመስልም ነበር። ብረቱ ከእጁ ወደቀ፣ ተንገዳግዶ ጠረጴዛውን ይዞ ተገለበጠ፤ ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው የነበሩት ሴቶች ሁሉ ባንዴ ወረዱበት። ባዶ ጆንያ ራሱ ላይ አጠለቁ። በመዳመጫ እንጨት፣ በእርግጫ፣ ባገኙት ነገር መቱት። ከመጣች ሁለት ወር የሆናት፣ እስከ ዛሬ ከማንም ጋር አንድ ቃል ያልተነጋገረች አንዲት ቀጭን ሴት፣ እግሩ ላይ ቁጭ ብላ ቅልጥሙን እንደ በርበሬ ትወቅጠው ጀመር፤ ድምፅ አታሰማም፣ ፊቷ ላይም ቁጣ የለም፣ እንጨቱን አንስታ ታሳርፋለች፣ አንስታ ታሳርፋለች። እሱ መጮኹን ካቆመ በኋላም አላቆመችም።

«ይበቃል» አለች ሲስተር ከተቀመጠችበት። «ልጄ፣ ይበቃል። ይገባሻል፣ ግን ይበቃል።»

በጆንያ ማሰሪያ ሲባጎ እጅና እግሩን አሰሩት። ምድጃው ውስጥ የቀረው ዳቦ አርሮ ክፍሉን ጭስ ሞላው፤ ማንም አላወጣውም። ከሴቶቹ አንዷ ከሣጥኑ ስልክ አውጥታ ደወለች፤ ፖሊሶቹ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጡ። አንደኛው ከመግባቱ በፊት አፍንጫውን በመሐረብ ያዘና «ማን ነው የደወለው?» ብሎ ጠየቀ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የመግለጫን ክንድ ከደረቷ ጋር አሰሩላት። ሁለት የጎን አጥንቶች ተሰንጥቀዋል፣ ጉልበቷም አብጧል፤ ይድናል አሏት። የአባባን ነገር የነገራት የጥርጊያ ባልዲ የያዘ ሰው ነው። ሐኪሞቹ አልነገሯትም፣ ዘመድ አይደለችማ። «ያ ፊሽካ አንገታቸው ላይ የነበረው ሽማግሌ አረፉ፣ ቀትር ሳይደርስ» አላት፣ የአየሩን ሁኔታ እንደሚያወራ። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ለማልቀስ ሞከረች፤ ጎኗ ሲወጋት ተወችው። ስልኳን ስታየው አሥራ አንድ ጥሪ ነበረው። አንዱ የጋዜጣው አዘጋጅ ነው፤ ስትደውልለት ድምፁ ሞቅ ያለ ነበር። ፖሊስ ዘንድ ካለው ሰው እንደሰማ፣ እንዳዘነ፣ ነገ ግን ሌሎቹ ጋዜጦች እንደሚቀድሙ ነገራት። «ሁለት አንቀጽ ላኪልኝ። አንቺ እኮ ውስጥ ነበርሽ። ከቻልሽ ባለ ጣቷን አናግሪያት።»

«አልልክም» አለችው።

«ለድርጅቱ ነው የማስብለት። እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ሰው የሚረዳ።»

«እርስዎም እንዳያወጡት እለምናለሁ» አለችና ዘጋች። እንደሚያወጣው ግን ታውቃለች። እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ታወጣው ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ እናቷ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ብርድ ልብስና ንጹሕ ሸሚዝ በፌስታል ይዛለች። የልጇን የታሰረ ክንድና ያበጠ ፊት አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇን ዘርግታ ጉንጯን ዳበሰቻት፣ ከጸጉሯ ውስጥ የቀረውን ዱቄት በጣቷ አራገፈችላት። መግለጫ አጠገቧ ተቀመጠች። ኮሪደሩ ላይ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ ሁሉም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚያወሩት።

«ፊቱ ተላልጧል» አለች እናቲቱ። «ግማሹ የለም። አንድ ዓይኑ አይተርፍም ብለውኛል።»

«ዘበኛው ሞተዋል፣ እማዬ። ሽማግሌ ናቸው። እሱ ነው የገደላቸው።»

እናቲቱ ፌስታሉን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገችና «አንቺ ወድቄ ነው በይ» አለች። «በዚያ ላይ የአንቺም ከተጨመረበት ሰው አይሆንም። የሞተውን ሰውዬ ሲመታው አላየሁም በይ። ስገባ ወድቆ ነው ያገኘሁት በይ፣ እሱስ እውነት አይደል? ትከሻዬን ደረጃ ላይ ነው በይ። አንድ ወንድም ነው ያለሽ።»

መግለጫ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ተጠራች።

መርማሪው ወጣት ነው፣ ጸጉሩን በቅባት ወደ ኋላ ያስተኛ፤ የሚጽፍበት እስክሪብቶ ስለማይጽፍ በየሁለት መስመሩ መዳፉ ላይ ይሞክረዋል። የምትናገረውን ሁሉ ራሱ በለመደው ቋንቋ እየለወጠ ይጽፋል። «‹በዕለቱ ግለሰቧ በብረት ተመትታ ጉዳት የደረሰባት ሲሆን›» እያለ ጮክ ብሎ አነበበ።

«እንደሱ አይጻፍ» አለች።

«ምን ስህተት አለው?»

«‹ተመትታ› አይበሉ። ‹ወንድሟ መታት› ይበሉ። ‹ሽማግሌውን ወንድሟ ገደላቸው› ይበሉ። ጣቶቹንም ይጻፉ፤ ከአራት ወር በፊት የሚስቱን ጣቶች በር መቃን ላይ አድርጎ በሩን የዘጋው እሱ ነው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ፣ አልተነሣሁም። ይህንንም ይጻፉ።»

«ይኼ ለዛሬው ጉዳይ አያስፈልግም።»

«ይጻፉት» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም፤ እሱ ግን እስክሪብቶውን መዳፉ ላይ ሞክሮ ጻፈው። በግራ እጇ ፈረመች። ፊርማዋ የሷ አይመስልም ነበር።

ስትወጣ እናቷ በሩ ስስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበራት። ሁሉንም ሰምታለች። መግለጫ ወደ አግዳሚው ስትጠጋ ፌስታሉን ከጉልበቷ አንስታ አጠገቧ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠችው፣ እጇንም ላዩ ላይ ጫነች። መግለጫ ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ እያነከሰች ወጣች።

አረንጓዴው በር ጋ የደረሰችው ፀሐይ ከፋብሪካው ጣሪያ ዝቅ ስትል ነው። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ወደ ግቢው በኋላው ተጠግቶ ቆሟል። ሴቶቹ ፍራሽ፣ የዱቄት ጆንያ፣ የልጆች ጫማ የሞላ ባልዲ እየተቀባበሉ ይጭናሉ። ጠዋት አባባ የወደቁበት ቦታ ላይ አንዲቱ አሸዋ በትናበታለች። ሲስተር እጇ በጄሶ ታሽጎ በር ላይ ወንበር አስደርጋ ተቀምጣለች፤ መነጽር ስለሌላት መግለጫን እስክትጠጋ ድረስ አልለየቻትም። ስትለያትም «ትከሻሽ እንዴት ሆነ?» ብላ ጠየቀቻት እንጂ ስለሌላው አላነሣችም። የአከራዩ ልጅ መጥቶ ነገ እንዲለቁ ነግሯቸዋል፤ እሷ ግን ነገን አልጠበቀችም።

«እርስዎ ጋ ልጸጸት አልመጣሁም» አለች መግለጫ። «ቃሉ የለኝም። የማግዘው ካለ ብዬ ነው።»

«በአንድ እጅ ምን ታግዢ?» አለች ሲስተር። ድምጿ ውስጥ ክፋት የለም፤ ድካም ብቻ ነው። «እኔም በአንድ እጅ ነኝ። ባይሆን ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። ዋርሳዋ የመጨረሻውን ጆንያ አስጭና ከመኪናው ወርዳ ወደሷ መጣች። ከንፈሯ ተሰፍቷል። መዳፎቿ በትሪው ተቃጥለው በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ ከፋሻው ውጭ የቀሩት ሁለቱ የማይታጠፉ ጣቶች ብቻ ናቸው። ፊት ለፊቷ ቆመች። በዚያች ቤት ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ አንዷ ስታጥብ ሌላዋ ስታሰጣ፣ አንዷ ስትደበደብ ሌላዋ ስትጽፍ።

«ዋርሳዬ» አለቻት። «ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ። እሱን አልረሳውም። ዛሬም ገብተሽ ባይሆን ኖሮ አልተርፍም ነበር።»

መግለጫ ራሷን ነቀነቀች።

«ጣቶቼ ግን የኔ ነበሩ። ልጻፋቸው ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ብትጠይቂኝ እንቢ እልሽ ነበር። እሱ በጨለማ ቢያገኛቸው ያውቃቸዋል።» ከመኪናው ላይ አንድ ሕፃን ውኃ ይለምናል፤ አንዲት ሴት ዝም በል ትለዋለች። «የምንሄድበትን አልነግርሽም። እሱ ታስሯል፣ አውቃለሁ። ግን አልነግርሽም። ቂም ይዤብሽ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«እናትሽን አደራ።» ይህን ብላ መዳፎቿን ሳታስነካ በክንዶቿ አቀፈቻት፣ ትከሻዋን እንዳትነካ ተጠንቅቃ፣ ከዚያ ሴቶቹ ከላይ ስበው አወጧት። ሲስተርን ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጧት። ያቺ የማትናገረው ቀጭን ሴት ከኋላ መጨረሻ ላይ ተቀምጣ ሸራውን ወደ ታች ጎተተችው። ሞተሩ ተነሣ።

ከአረንጓዴው በር ፊት ለፊት መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ዋናው አስፋልት፣ ቀኙ በፋብሪካው ጀርባ አድርጎ ወደማታውቀው ሰፈር ይሄዳል። መግለጫ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ወደ አጥሩ ዞረች። ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ ዓይኖቿን ጨፈነች፤ በደህናው እጇም አንድ ጆሮዋን ደፈነች። ሌላውን የምትደፍንበት እጅ ስላልነበራት በትከሻዋ ልትሸፍነው ሞከረች፤ አመማት። የሞተሩ ድምፅ በየትኛው በኩል እንደራቀ እንዳታውቅ ለራሷ እየቆጠረች ቆየች። መቶ ስትደርስ እንደገና ጀመረች። ዞር ስትል መንገዱ ላይ አቧራው ወርዶ ነበር፤ በሁለቱም በኩል ማንም አልነበረም።